ወንጀል ቀነሰ ሲባል ምን ትጠይቃላችሁ?

(ባህር ዳር ውስጥ ለነዋሪዎች፣ ለምክር ቤት አባላትና ለፖሊስ አባላት ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። አዳራሹ ሞልቶ ሳየው ትንሽ ደነገጥኩ። ስለ እቅድ አፈፃፀም እናወራለን ተብሎ ይሄ ሁሉ ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ፖሊስ የሚለው ነገር ስላለበት ይሆናል።

በቀጥታ ልግባ። በየሩብ ዓመቱ የምንሰማት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። «በሩብ ዓመቱ የተፈፀመው ወንጀል ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነፃፀር ይህን ያህል በመቶ ቀንሷል።» ይህች ስትነበብ ይጨበጨባል። ከዚያ ወደ ሚቀጥለው አጀንዳ ይታለፋል። እኔ የማወራው ከጭብጨባው በፊት ሊጠየቅ ስለሚገባው ነገር ነው። ቀነሰ የተባለው ወንጀሉ ነው ወይስ መዝገቡ?

ሁለቱ አንድ አይደሉም። ወንጀል የሚፈፀመው መንገድ ላይ፣ ቤት ውስጥ፣ ገበያ መሀል ነው። መዝገብ የሚከፈተው ግን ጣቢያ ውስጥ ነው። በሁለቱ መካከል ብዙ ጉዳይ ይንጠባጠባል።

እስቲ አንድ ጉዳይ ይዘን እንከተል። የፈጠርኩት ምሳሌ ነው፤ ግን የማታውቁት አይመስለኝም። አንዲት ወጣት ከቅዳሜ ገበያ ስትመለስ ከባጃጅ ወርዳ ሂሳብ ልትከፍል ስትል አንዱ ስልኳን ከእጇ መንትፎ ተፈተለከ። የስልኩ ሽፋን ውስጥ መታወቂያዋም ነበር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ አሁን ብነግራቸው ምን ሊያመጡልኝ ነው» ብላ ቤቷ ከገባች ጉዳዩ እዚያው አለቀ። ማንም አይቆጥረውም።

ጣቢያ ሄደች እንበል። የሄደችውም ስልኩ ይገኝልኛል ብላ አይደለም። ሌላ መታወቂያ ለማውጣት የፖሊስ ማስረጃ አምጪ ስለምትባል ነው። ተረኛው ፖሊስ ደክሞታል። ከኋላዋ ሰው ተሰልፏል።

«ነጣቂውን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

«ምስክር አለሽ?»

«ባጃጁ ሄዷል።»

«እንግዲያው ጠፋኝ ብለሽ አመልክቺ፤ ወረቀቱን አሁኑኑ ትወስጃለሽ። ተነጠቅኩ ካልሽ ግን ቃል መስጠት አለ፣ መርማሪ መጠበቅ አለ፣ ነገም መመላለስ አለ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመርጣላችሁ? እሷም ጠፋኝ ብላ ፈረመች። በዚያች ደቂቃ አንድ ንጥቂያ የጠፋ ዕቃ ሆነ። ልጅቷ ወረቀቷን አገኘች። ተረኛው ሰልፉን አቃለለ። የጣቢያው ኃላፊ የወሩን ፎርም ሲሞላ ንጥቂያ በሚለው ሳጥን ውስጥ አንድ ያነሰ ቁጥር ይጽፋል። ፎርሙ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ መምሪያ፣ ከዚያ ወደ ክልል ይወጣል። እላይ ሲደርስ ንጥቂያ ቀንሷል ይባላል። የሚገርመው፣ በዚህ ሁሉ ሰንሰለት ውስጥ ሆን ብዬ ዋሸሁ የሚል አንድም ሰው አታገኙም።

ይህ በእገሌ ጣቢያ ይፈፀማል እያልኩ አይደለም። ቁጥር የሚሾልክበት ቀዳዳ የት እንደሆነ ነው የማሳያችሁ። ሕጉ ግልጽ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 22 ፖሊስ ወንጀል መፈፀሙን ካወቀ ወይም ከጠረጠረ ምርመራ እንዲጀምር ያዛል። የቀረበለት አቤቱታ አጠራጣሪ ነው ብሎ ቢያስብ እንኳ ሥራውን እንዲሠራ ነው የሚለው። ምስክር የለሽም ብሎ መመለስ ሕጉ ውስጥ የለም።

ታዲያ ተረኛው ለምን እንዲህ ያደርጋል? ክፉ ስለሆነ አይደለም። እቅዱ ላይ «ወንጀልን በዚህን ያህል በመቶ መቀነስ» የሚል ግብ ተቀምጦለታል። የዚህን ግብ ባህሪ ልብ በሉ። ንጥቂያን በእውነት ለመቀነስ ቅኝት ያስፈልጋል፣ የመንገድ መብራት ያስፈልጋል፣ የተሰረቀ ስልክ የሚገዛውን ሱቅ መያዝ ያስፈልጋል። ይሄ ወራት ይፈጃል፣ ሰው ይፈልጋል፣ ነዳጅ ይፈልጋል። መዝገቡን ለመቀነስ ግን እስክሪብቶ ይበቃል። እስክሪብቶውን ደግሞ የያዘው ግቡ የተጣለበት ሰው ራሱ ነው። ተማሪው የፈተና ወረቀቱን ራሱ አርሞ ውጤቱን ለወላጁ እንዲያመጣ ማድረግ ማለት ነው። አብዛኛው ተማሪ ጨዋ ሊሆን ይችላል። ፈተናው ግን ፈተና አይባልም።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ፖሊስ ሁሉ በቁጥር የመመራቱን ነገር በብዛት የተማረው ከኒው ዮርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ዊሊያም ብራተን የሚባል የፖሊስ ኮሚሽነር ጃክ ሜፕል ከሚባል ምክትሉ ጋር ሆኖ ኮምፕስታት የሚባል አሠራር ጀመረ። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። የየሰፈሩ ወንጀል በየሳምንቱ ካርታ ላይ ይነጠፋል። የጣቢያ አዛዦች ፊት ለፊት ቀርበው ይጠየቃሉ። «እዚህ ጥግ ላይ በዚህ ሳምንት አራት ዘረፋ አለ። ምን አደረግክ?» ሳያውቅ የመጣ አዛዥ በሰው ፊት ይዋረዳል።

ውጤት አልነበረውም ብል ውሸት ይሆናል። በከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1990 2,245 ሰው ተገድሎ ነበር፤ በ1998 ግን 633። በእርግጥ ቁጥሩ መውረድ የጀመረው ከኮምፕስታት በፊት ነው፣ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞችም ወርዷል። ቢሆንም ግድያ የሚደበቅ ነገር አይደለም። አስከሬን አለ፣ ሐኪም አለ፣ ለቅሶ አለ። ስለዚህ ይህን ቁጥር አምነዋለሁ። ከሱ በታች ያሉት ላይ ነው ጨዋታው የገባው።

በዚያው በኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን በሚባለው ክፍል በ81ኛው ጣቢያ የሚሠራ አድሪያን ስኩልክራፍት የተባለ ፖሊስ ነበር። አለቆቹ በየጠዋቱ ስምሪት ላይ የሚናገሩትን በድብቅ ቀረፀ። ይህን ያህል ቅጣት፣ ይህን ያህል ፍተሻ አምጡ የሚል ትዕዛዝ አለበት። የዘረፋ አቤቱታ አትቀበሉ፣ ዝቅ አድርጋችሁ መዝግቡ የሚል ግፊትም አለበት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 ባልደረቦቹ ቤቱ ድረስ ሄደው ከፈቃዱ ውጭ አእምሮ ሕክምና ክፍል አስገቡት። በኋላ የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ የራሱ የውስጥ ምርመራ እንኳ በዚያ ጣቢያ አቤቱታዎች ዝቅ ተደርገው ይመዘገቡ እንደነበር አረጋግጧል። ሰውየው የተናገረው እውነት ነበር ማለት ነው።

እንግሊዞች ጋ ደግሞ ነገሩ እስከ ስታቲስቲክስ ባለሥልጣናቸው ደረሰ። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ፖሊስ የሚመዘግበው የወንጀል አሃዝ ብሔራዊ ስታቲስቲክስ የሚለውን ማዕረግ ተነጠቀ። የሚታመን አይደለም ተባለ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የፖሊስ ኢንስፔክሽን ተቋማቸው ሪፖርት አወጣ። ሕዝቡ ለፖሊስ ከሚያመለክተው ወንጀል 19 በመቶው መዝገብ ላይ አይሰፍርም አለ። በዓመት ከ800,000 በላይ ወንጀል ማለት ነው። ከጾታዊ ጥቃት አቤቱታዎች 26 በመቶው አይመዘገብም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ልብ በሉልኝ፤ ለእኛ የሚጠቅመው እሱ ነው። አመዘጋገቡ ተስተካከለ። የሚመዘገበው ድርሻ ከ90 በመቶ አለፈ። በዚህ የተነሳ መዝገብ ላይ ያለው የወንጀል ቁጥር ጨመረ። ጋዜጦች ወንጀል ናረ ብለው ጮኹ። እንግሊዞች ግን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በጎን ሌላ ቆጠራ አላቸው። ቤት ለቤት እየሄዱ «ባለፈው ዓመት ምን ደረሰብህ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ለፖሊስ አመለከትክም አላመለከትክም። መዝገቡ ሲጨምር ያኛው ጥናት ግን ስርቆትን የመሰለው ወንጀል እየቀነሰ መሆኑን ያሳይ ነበር። ሁለት ሚዛን ስለነበራቸው የትኛው እንዳጋደለ ለዩ። እኛ አንድ ሚዛን ነው ያለን፤ እሱንም ሻጩ ነው የያዘው።

አሁን ወደ ሌላኛው ተወዳጅ ግብ ልምጣ። «ከተፈፀሙት ወንጀሎች ውስጥ ይህን ያህሉ ፈፃሚያቸው ተይዟል።» ይህ ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ያስፈራኛል። ለምን ቢባል፣ አገራችን ይህን ግብ መቶ በመቶ የመታ ተቋም ነበራት። ሌባ ሻይ ይባላል።

ወጣቶች ላታውቁት ትችላላችሁ። ዕቃ ሲጠፋ ሌባ ሻዩ ይጠራል። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ ነገር ይጠጣል። ልጁ እየተንገዳገደ ይወጣል፤ ወገቡን በመቀነት ይዘው ይከተሉታል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባልና ይከፍላል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች በአድናቆትም በድንጋጤም ጽፈውታል። አስቡት እንግዲህ። ልጁ የሆነ ቤት መውደቁ አይቀርም። ሌባ ያልተገኘበት ጉዳይ የለም። በዛሬው ፎርም ቢሞላ «የተያዘ መቶ በመቶ፣ ንብረት የተመለሰ መቶ በመቶ፣ አፈፃፀም እጅግ ከፍተኛ» ነው የሚወጣው። ትክክለኛው ሌባ መያዙን የሚጠይቅ ሳጥን ብቻ የለም።

አውጫጭኝም፣ አፈርሳታም ከዚህ የተሻለ ብልሃት ነበረው፤ እሱን አልክድም። አገሬው ተሰብስቦ ይመክራል፣ የሚያውቅ ይናገራል። ግን ፈፃሚው ካልተገኘ ካሳውን ሁሉም ተጋግዞ ይክፈል ሲባል፣ የሆነ ሰው አውጥተን እንገላገል የሚል ግፊት መምጣቱ አይቀርም። ግፊት ያለበት ቦታ ሁሉ ደካማው ነው የሚወጣው። ዘመድ የሌለው፣ እንግዳው፣ ጎዳና አዳሪው።

ዘመናዊውም ከዚህ አያመልጥም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ «ለፍትህ የቀረበ ወንጀል» ብላ ቆጥራ በዓመት ወደ 1.25 ሚሊዮን እናድርስ አለች። ፖሊሱ ቀላሉን ፍለጋ ሄደ። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የተደባደበ ልጅም አንድ፣ ቤት ሰብሮ የገባ ሌባም አንድ ሆኖ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሕግ ጋር የሚጋጩ ልጆች ቁጥር አሻቀበ። ግቡ ሲነሳ ማሽቆልቆል ጀመረ። ልጆቹ በአንድ ሌሊት ጨዋ ሆነው አይመስለኝም።

የተያዙ ሰዎችን ብዛት ከምትጠይቁ ሌላ ቁጥር ጠይቁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይታሰብ። በሩብ ዓመቱ ከተያዙት ውስጥ ስንቱ በ48 ሰዓት ቀረበ? ይህን የምወድበት ምክንያት አለኝ። ፍርድ ቤቱም የራሱ መዝገብ ስላለው ማመሳከር ይቻላል። ከሁለት ቦታ የሚታይ ቁጥር ለመጠምዘዝ ያስቸግራል።

ስለ ቅኝት ሰዓትና ስለ ስብሰባ ቶሎ ብዬ ልለፍ። «ይህን ያህል ሰዓት ቅኝት ተደርጓል፣ ይህን ያህል ሕዝብ በማኅበረሰብ አቀፍ ወንጀል መከላከል ላይ ተወያይቷል» ይባላል። ተወያየ፤ እና ከዚያስ? ቅኝትን በተመለከተ አሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 ትልቅ ሙከራ ተደርጓል። አንዳንድ ሰፈር ላይ የመኪና ቅኝቱን አጠፉት፣ አንዳንዱ ላይ ከእጥፍ በላይ አደረጉት፣ ሌላውን እንደነበረ ተዉት። በወንጀሉም በሕዝቡ ስጋትም ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልመጣም። ዝም ብሎ መዞር ሥራ አይደለም። ሚኒያፖሊስ ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ከከተማዋ አድራሻዎች 3 በመቶ ያህሉ ብቻ የፖሊስ ጥሪውን ግማሽ እንደሚያመነጩ አሳየ። የእኛዎቹን 3 በመቶ አንድ የባህር ዳር ባጃጅ ሹፌር ያለ ጥናት ይነግራችኋል። መናኸሪያውን ይጠራል፣ ገበያውን ይጠራል፣ ሁለት ሦስት ጨለማ መታጠፊያ ይጨምራል። የጥምቀት ዕለት ደግሞ ኪስ አውላቂ የት እንደሚቆም ያውቃል። ስለዚህ ስንት ሰዓት ዞራችሁ ሳይሆን የት ቆማችሁ ነው ጥያቄው።

ትንሽ ልቆይበት የምፈልገው የቤት ውስጥ ጥቃት ነው። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቶችን ስለዚህ ጠይቆ ነበር። አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች እርዳታ የጠየቁት 23 በመቶ ናቸው። 66 በመቶው እርዳታም አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። እርዳታ ከጠየቁትም አብዛኛዎቹ የሄዱት ወደ ዘመድና ጎረቤት ነው።

ከዚህ በኋላ አንድ ጣቢያ «በሴቶች ላይ የሚፈፀም ጥቃት በ30 በመቶ ቀነሰ» ብሎ ሪፖርት ቢያቀርብላችሁ ታጨበጭባላችሁ? እኔ ብሆን እደነግጣለሁ። ምናልባት የሴቶችና ሕፃናት መርማሪዋ ተዛውራ ይሆናል። ምናልባት መርማሪዋ ክፍል አጥታ ሰው በሚሰማበት ኮሪደር ላይ ቃል እየተቀበለች ይሆናል። ምናልባት «ሂጂ ታረቂ» የሚል ተረኛ ተመድቦ ይሆናል። በዚህ ዘርፍ ለተወሰኑ ዓመታት ቁጥሩ መጨመር አለበት። መጨመሩ ጣቢያው እየታመነ መሆኑን ያሳያል። ግን የሚጨምር ቁጥር ያለው ኃላፊ በእኛ ፎርም ላይ ቀይ ነው የሚቀባው። ጎበዟን ቀጥተን ሰነፉን እንሸልማለን።

ወደ ትራፊክ እንሂድ። እዚህ ላይ ባህር ዳር ውስጥ በነገው ዕለት ልንጀምረው የምንችለው ነገር ስላለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ሪፖርት፣ ኢትዮጵያ በትራፊክ አደጋ ሞቱ ብላ ያስመዘገበችው 4,352 ሰው ነው። የድርጅቱ ግምት ግን 27,326 ነበር። ከስድስት እጥፍ በላይ! የድርጅቱ አሃዝ ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም፤ ተጋነነ የሚልም አለ። ግማሹን እንኳ ብትቀንሱለት ክፍተቱ አስደንጋጭ ነው። አንዱ ምክንያት ይታወቃል። ትራፊክ ፖሊሱ አደጋው ቦታ ሄዶ ይመዘግባል። ተጎጂው በሕይወት አለ፤ ከባድ የአካል ጉዳት ብሎ ይጽፋል። ተጎጂው ከሳምንት በኋላ ሆስፒታል ያርፋል። በዓለም አቀፍ አሠራር እስከ 30 ቀን ድረስ የሞተ ሰው በአደጋው እንደሞተ ይቆጠራል። ሆስፒታሉ ለፖሊስ ካልነገረ ግን ሟቹ መዝገብ ላይ እንደቆሰለ ይቀራል።

ባህር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወት አለ፣ ጥበበ ግዮን አለ። ሁለቱም ድንገተኛ ክፍል አላቸው፣ መዝገብ አላቸው። የፖሊሱን ዝርዝርና የሆስፒታሎቹን ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጎ ማመሳከር ብቻ ነው። የሒሳቡን ብልሃት ላሳያችሁ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የያዝኳቸው ናቸው። ፖሊስ 60 ከባድ ጉዳት መዘገበ። ሆስፒታሎቹ 90። ሁለቱም ዘንድ ያሉት 40 ናቸው። ስለዚህ ሆስፒታል ከደረሱት 90 ሰዎች ፖሊስ የሚያውቀው 40ውን ነው፤ ከግማሽ ያነሰ። የፖሊስ መዝገብ ባጠቃላይም ይህን ያህል ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ ፖሊስ 60 ሲመዘግብ ሙሉው ቁጥር 135 አካባቢ ነው። ማንም ያላየውን ከሁለት ጎዶሎ መዝገብ ገመትን። ሁለቱ መዝገቦች ጥገኛ ከሆኑ ግምቱ ይዛባል፤ ሆስፒታል የደረሰውን ሁሉ ፖሊስ የሚያመጣው ከሆነ ለምሳሌ። ቢሆንም ከምንም ይሻላል። የስታቲስቲክስ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ሊሠራው ይችላል። የዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ቅርብ ነው።

ስለ ትራፊክ ካነሳን አይቀር፣ የቅጣት ወረቀት ብዛት በፍፁም ግብ አይሁን። ትራፊኩ ባጃጅ አድፍጦ ሲጠብቅ ይውላል፤ መስቀለኛ መንገዱ ባዶውን ይቀራል።

የከተማው ሁኔታ ሲለወጥ የቁጥሩም ትርጉም እንደሚለወጥ እንዳትረሱ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመርቋል። 380 ሜትር የሚረዝም መንገድ ሲከፈት መኪናው አቅጣጫ ይቀይራል። በድሮው ድልድይ በኩል አደጋ ቢቀንስ የማንም ጀግንነት ላይሆን ይችላል። የፀጥታውም ነገር እንዲሁ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ክልላችን ያሳለፈውን ሁላችንም እናውቃለን። ሰው በጊዜ ቤቱ ሲገባ፣ ባጃጅ በጊዜ ሲቆም የማታ ንጥቂያ ይቀንሳል። የሚነጠቅ ሰው የለማ! ሰው ጣቢያ ለመሄድ ሲያመነታም መዝገቡ ይቀንሳል። በተቃራኒው ሰላም ሲሆንና ከተማው እስከ እኩለ ሌሊት ሲንቀሳቀስ ስርቆት ሊጨምር ይችላል። ያኔ ፖሊሱን ሰነፍክ ማለት ግፍ ነው። ቁጥር ሲቀርብላችሁ በዚያ ወቅት ከተማው እንዴት ይኖር እንደነበር አብራችሁ አስቡ።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ አዲስ የምዘና ሥርዓት አልሸጥላችሁም። ቢኤስሲ የሚሉት የውጤት መመዘኛ መጥቷል፣ ከሱ በፊት ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ ነበር፣ ፎርማት ሞልተን ሞልተን እጃችን ዝሏል። የምመክረው ትንሽ ነገር ነው። ምክር ቤቱ ከፖሊስ ውጭ የሆነ ሁለት ሦስት ሰው ይመድብ። በየሩብ ዓመቱ ከየክፍለ ከተማው ጥቂት አቤቱታዎችን በዕጣ ያውጡ፤ ከፋሲሎም ከበላይ ዘለቀም፣ ከጣናም ከግሽ ዓባይም፣ ከሌሎቹም። የጠፋ ዕቃ ተብለው የተመዘገቡትንም ይጨምሩ፤ እነሱን እንዳትረሱ። ከዚያ ለባለ ጉዳዩ ይደወል። «ስልክዎ እንዴት ነበር የጠፋው? የተናገሩት ነው የተጻፈው? ከዚያ በኋላ ደውሎ የነገረዎ አለ?» አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ወጪው የካርድ ነው። ባለ ጉዳዩ ስሙ እንዳይወጣ መጠበቅ አለበት። የቤት ውስጥ ጥቃት መዝገቦችን ግን በዚህ መንገድ አትንኩ። ስልኩን ባልየው ቢያነሳውስ? እነሱን የሠለጠነች ባለሙያ ትያዛቸው።

ይህን ካደረግን ለፖሊስ የምናስቀምጠው የመጀመሪያ ግብ ይቀየራል። ወንጀልን በዚህን ያህል ቀንስ አንለውም። የሰማኸውን ሁሉ መዝግብ እንለዋለን። መዝገቡ ከታመነ በኋላ ስለ መቀነስ እናወራለን።

ንግግሩ ሲያበቃ ሁለት ጥያቄ ቀረበ። አንዲት የዓባይ ማዶ እናት «ልጄ፣ ቁጥሩን ተወውና ሌሊት ስንደውል ማነው የሚያነሳልን?» አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ። እትዬ፣ ከኔ ንግግር ሁሉ የእርስዎ ይበልጣል አልኳቸው። ለያንዳንዱ ጥሪ ሁለት ሰዓት ይጻፍ፤ የተደወለበትና ፖሊስ በሩ ላይ የደረሰበት። የተደወለበትን ደዋዩ ከራሱ ስልክ ላይ ያየዋል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ የሚጻፍ አይሆንም። ያልተነሳ ጥሪም ይቆጠር።

ሁለተኛው ከኋላ ወንበር የተነሱ አንድ ኢንስፔክተር ናቸው። «እርስዎ እንዳሉት ሁሉንም መዘገብኩ እንበል። ቁጥሬ በ40 በመቶ ጨመረ። ሰኔ ላይ ግምገማ ስገባ ማን ነው የሚከራከርልኝ?»

የምሽቱ ከባድ ጥያቄ ይሄ ነው። ብቻዎን አያድርጉት አልኳቸው። አንድ ጣቢያ ብቻውን ሐቀኛ ከሆነ ከስድስቱ ክፍለ ከተሞች መጨረሻ ይወጣል። ሁሉም በአንድ ቀን መጀመር አለበት። ምክር ቤቱ አስቀድሞ የመጪው ዓመት አሃዝ መነሻ እንደሆነ፣ ካለፈው ዓመት ጋር እንደማይነፃፀር ወስኖ ቃለ ጉባኤ ላይ ያስፍር። ከንቲባውም መምሪያውም ይፈርሙበት። ቁጥሩ ሲወጣ ሬዲዮው ጨመረ ብሎ እንዳይጮህ ምክንያቱ አብሮ ይነገር። ጊዜው ደግሞ ጠባብ ነው፤ የቀጣዩ ዓመት እቅድ በግንቦትና በሰኔ ነው የሚረቀቀው። ሐምሌ 1 ከአሮጌው ግብ ጋር ከገባን እስከሚቀጥለው ሰኔ የሚነካው የለም።